የስካውት ቡድናችን ክረምት በደሴ፦ ወላጆችና በጎ ፈቃደኞች ደጋግመው የሚጠይቁን

ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የደሴ ልጅ ሁለት ወር ከምናምን ባዶ ጊዜ ይኖረዋል። ስልካችን መጮህ የሚጀምረውም ያኔ ነው። «ልጄን መዝግቡልኝ» የሚል አለ። «ብሩ የት ነው የሚገባው?» የሚል አለ። «እኔስ ምን ላግዝ?» የሚልም አለ፤ ይሄኛውን ስንሰማ ደስታችን ሌላ ነው። ለአንዱ የመለስነውን ለሌላው ስንደግም ስለምንውል እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ከቡድኑ አዋቂ መሪዎች አንዷ ነኝ። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ የረዘመው ጉዳዩ ስለሚያሳስበኝ ነው።

ስካውት ምንድን ነው? ሃይማኖት ወይም ፖለቲካ አለበት እንዴ?

ፖለቲካ የለበትም። የአንድ ሃይማኖት ማኅበርም አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ሮበርት ባደን ፓወል የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን 20 ወንድ ልጆች ይዞ ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ሰፈረ። አንዳንዶቹ የሀብታም ልጆች ነበሩ፣ ሌሎቹ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች። በትናንሽ ጓድ ከፍሎ አብረው እንዲያበስሉ፣ አብረው እንዲያድሩ አደረገ። እኛ አገርም በጃንሆይ ዘመን ስካውት ነበር። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ የከተማችን ሰዎች «ቦይ ስካውት» ሲባሉ ወዲያው ፈገግ የሚሉት ለዚያ ነው።

ስካውት የሚሆን ልጅ ቃል ይገባል። ቃሉ ለፈጣሪ፣ ለሌላው ሰው እና ለራስ ያለን ግዴታ ይይዛል። ሰላምታ ሲሰጡ ሦስት ጣት የሚያነሱትም ሦስቱን ለማስታወስ ነው። ፈጣሪን እያንዳንዱ ልጅ በራሱ እምነት ነው የሚያስበው። በአንድ ፓትሮል (በአንድ ትንሽ ጓድ) ውስጥ አብደላና ገብረማርያም ጎን ለጎን ቆመው ቃል ቢገቡ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ላስታውስ። ስካውቶች በዓለም ዙሪያ የሚጨባበጡት በግራ እጅ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ለትልቅ ሰው ግራ እጅ መስጠት ነውር ነው። ስለዚህ የግራው ሰላምታ በልጆቹ መካከል ብቻ እንዲቀር ተስማምተናል። አያቱን በግራ እጁ የሚጨብጥ ልጅ ካያችሁ ረስቶ ነው፤ ንገሩት።

ስንት ዓመት የሞላው ይገባል? ሴት ልጆችስ?

ከ11 እስከ 17 ዓመት። ሴት ልጆችን እንቀበላለን፤ አሁን ካሉን ጠንካራ የፓትሮል መሪዎች መካከልም ሴቶች አሉ። ሴት ልጆች ባሉበት ጉዞ ሁሉ ቢያንስ አንዲት ሴት መሪ ትኖራለች። ሴት መሪ ካልተገኘች ጉዞው ይሰረዛል።

ፓትሮል የምንለው ከ6 እስከ 8 ልጆች ያሉበትን ጓድ ነው። መሪው ከመካከላቸው የተመረጠ ልጅ ነው። ማን ውሃ ይቀዳል፣ ማን ያበስላል፣ ማን ሰሃን ያጥባል የሚለውን እነሱ ይከፋፈላሉ። እኛ ዳር ቆመን እናያለን። ቤት ውስጥ ሰሃን አጥቦ የማያውቅ ወንድ ልጅ እዚህ ተራው ይደርሰዋል፤ እናቶች ይህን ሲሰሙ በጣም ይወዱታል።

ክረምቱን ሙሉ ምን ትሠራላችሁ?

ማክሰኞና ቅዳሜ እንገናኛለን። ዓርብና እሁድን የተውነው አስበን ነው፤ ጁምዓ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ማክሰኞ የእጅ ሥራና ትምህርት ነው። ቋጠሮ፣ ካርታ ማንበብ፣ ቁስል ማሰር፣ አምቡላንስ መጥራት ይማራሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑን ሁሉም ልጅ በቃሉ ይዟል። ቁጥሩን መያዝ ብቻ ግን አይበቃም። የት እንደሆኑ ጠርቶ መናገርም ይለማመዳሉ። «ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነን» ብሎ ስልክ የሚዘጋ ሰው አምቡላንሱን ሲያዞረው ይውላል። ከማክሰኞው ሰዓት ላይ ትልልቆቹ ታናናሾቹን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናሉ።

ቅዳሜ ከቤት የሚያስወጣ ሥራ አለ። አንድ ሳምንት ችግኝ፣ አንድ ሳምንት የእግር ጉዞ፣ አንድ ሳምንት ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ቤት እገዛ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ለምን ቤቱን በደንብ አትመርጉላቸውም?» ይለናል። ምርጊት በክረምት አይደርቅም። የተመረገው ጭቃ ከጭዱ ጋር ተንዶ ይወርዳል፤ ድካሙም ጭቃውም ይባክናል። ስለዚህ በክረምት የምንሠራው ጣሪያና ፍሳሽ ነው። አዋቂዎች ቆርቆሮውን ይመታሉ፤ ልጅ ጣሪያ ላይ አይወጣም። ልጆቹ በቤቱ ዙሪያ ውሃ የሚያስወግድ ቦይ ይቆፍራሉ። ምርጊቱን ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምት ተመልሰን እንጨርሳለን።

ክረምቱ ሲያልቅ፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ የቀን ጉዞ ወደ ሐይቅ አለን። እስጢፋኖስ ገዳምን ለማየት የሚጓጉ አሉ። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ወንዶቹን አስገብተን ሴቶቹን ውጭ ማቆም ስላልፈለግን ሁላችንም የሐይቁ ዳር ላይ እንውላለን፤ የገዳሙን ታሪክም እዚያው ቁጭ ብለን እንሰማለን። ዋና አይፈቀድም።

ችግኝ ተክሎ ፎቶ ተነስቶ መሄድ የተለመደ ነው። እናንተ በምን ትለያላችሁ?

ወቀሳው እውነት አለው። እኛም አጥፍተናል። በመጀመሪያው ክረምታችን ጦሳ ተራራ ግርጌ የተከልነውን በጥር ሄደን ስናይ ብዙው ደርቋል። አንዱን ነቅለን አየነው። ጥቁሩ ፕላስቲክ እንዳለ ነው። ሥሩ መውጫ አጥቶ ውስጡ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ልጆቹ ከነፕላስቲኩ ቀብረውት ነበር፤ እኛ መሪዎቹም ቆመን አላየንም። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ያንን ሥር በመዳፏ ይዛ «ታንቆ ነው የሞተው» አለች። ማንም መልስ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ፕላስቲኩ ሳይቆጠር ወደ ቤት የሚሄድ የለም። 60 ችግኝ ይዘን ከወጣን 60 ፕላስቲክ በጆንያ ይመለሳል። አንድ ከጎደለ እንፈልጋለን።

ጉድጓዱን ከተከላው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለን እንቆፍራለን፤ ጥልቀቱ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከላይ የወጣውን ለም አፈር ለብቻ እናስቀምጥና ሥሩ ላይ መጀመሪያ እሱን እንመልሳለን። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይስማማታል። ባህር ዛፍ የሚያመጡልን ሰዎች አሉ፤ እናመሰግናለን፣ ግን አንተክልም። አገር በቀሉ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ልጆቹ ይህን መልመድ ያስቸግራቸዋል፤ የአምናውን ጽድ ሲያዩት ገና ጉልበታቸው ጋ ነው።

እያንዳንዱ ፓትሮል የራሱ ረድፍ አለው። በጥቅምት፣ በጥርና በሚያዝያ ሄዶ አረም ይነቅላል፣ ውሃ ያጠጣል፣ በፍየል የተበላ ካለ አጥሩን ያድሳል። ስንት ጸደቀ፣ ስንት ሞተ ብሎ በደብተር ይጽፋል። የሞተውም ይጻፋል።

ዝናቡ፣ ጉሙ፣ መብረቁ አያሰጋም?

ያሰጋል። ለዚህ ነው ሕግ ያበዛነው።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥተን ከ6 ሰዓት በፊት እንመለሳለን። ሰማዩ ጥቁር ከሆነ ጦሳ አይወጣም። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንዱን እንቆጥራለን። 30 ሳንደርስ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነው ማለት ነው፤ ከተራራው ወርደን ቤት ውስጥ እንገባለን። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ዳግም አንወጣም። የሞላ ወንዝ አይሻገሩም። ቦርከና በበጋ ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ላይ ዘንቦ ሲሞላ ግን ሌላ ወንዝ ነው።

ስለ ጉሙ የራሴን ልንገራችሁ። ከክረምቶቹ ባንዱ ወደ ጦሳ ስንወጣ ጉም ወረደብን። ከፊቴ ካለው ልጅ ጀርባ ወዲያ ምንም አይታይም። ቆመን ስንቆጥር አንድ ልጅ ጎደለ። እንደገና ቆጠርን፣ አሁንም አንድ። ፊሽካ ነፋን። አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ፤ የጫማው ማሰሪያ ተፈቶበት ጎንበስ ብሎ ነበር። እሱ ምንም አልመሰለውም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ልጅ የማይቀየር ቁጥር አለው። በየሩብ ሰዓቱ ከ1 ጀምሮ እየጠራ ያልፋል። ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ደግሞ ፊሽካ የያዘ አዋቂ አለ፤ ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም።

ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በከተማችንና በዙሪያዋ አልፏል። ምን እንደሆነ የማያውቁትን ብረት ልጆቹ አይነኩም፣ በእግር አይመቱም፣ ድንጋይ አይወረውሩበትም። ባሉበት ቆመው ሌሎቹን ያስጠነቅቃሉ፣ በመጡበት ዱካ ይመለሳሉ፣ ለመሪ ይናገራሉ፤ እኛ ለፖሊስ እናሳውቃለን። እባካችሁ ይህን እናንተም ቤት ውስጥ ድገሙላቸው።

ድንኳን ውስጥ ያድራሉ?

በክረምት አያድሩም። የድንኳን አዳር የሚኖረን በበጋ፣ በሴሚስተር እረፍት ነው። በክረምት አንድ ሌሊት ብቻ አዳራሽ ውስጥ ያድራሉ፤ ድንኳን መትከሉን ግን ግቢው ውስጥ ይለማመዳሉ።

ድንኳኑ የሰፈሩ ዕድር ነው፤ ለቅሶ በሌለ ቀን ያውሱናል። ዝናቡ ላይ መለማመዱ ጥቅም እንዳለው ያየሁት አንድ ማታ ነው። አንድ ልጅ የቃጫውን ገመድ ወጥሮ አሰረ፤ አስተሳሰሩ የሚያምር ነበር። ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ስናይ ገመዱ ረጥቦ አጥሯል፣ ካስማውን ከመሬት ነቅሎታል። ቃጫ ሲረጥብ ይሰበሰባል። በማግሥቱ ያው ልጅ ዝናብ ሲያስገመግም ማንም ሳይነግረው ሮጦ ገመዶቹን ላላ አደረጋቸው።

ምግቡስ? ጾም አለ፣ የሥጋ ነገር አለ።

ይህን የሚጠይቁን ወላጆች ልክ ናቸው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ ትንንሾቹም ሳይቀሩ ይጾሙታል። ሥጋ ደግሞ የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ የተለየ ነው። ሁለት ድስት ጥደን ልጆቹን በሁለት መሶብ ማስቀመጥ እንችል ነበር። አልፈለግንም። የኛ ምግብ ክረምቱን ሙሉ ሥጋም፣ ቅቤም፣ ወተትም የለበትም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን፣ በሶ፣ ዳቦ በሻይ። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል።

የሚያስቀድስ ወይም እስከ ቀትር የሚጾም ልጅ ካለ ድርሻው ተከድኖ ይቆየዋል። የሱና ጾም ለያዘም እንዲሁ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ሥራ ይቆማል፤ ውሃና ንጹሕ ቦታ እናዘጋጃለን። በሽታ ወይም የማይስማማው ምግብ ያለበት ልጅ ካለ ምዝገባ ላይ ንገሩን።

ልጄ ክረምት መድረሳ፣ ወይም ቄስ ትምህርት ቤት ይገባል። ይጋጫል?

አብዛኛውን ጊዜ አይጋጭም። ከተጋጨ እዚያ ይሂድ። የቀረበትን ፓትሮሉ ያሳየዋል፤ በመቅረቱ የሚቀጣ ልጅ የለም። ገጠር ዘመድ ጋ ለእርሻ የሚሄዱም አሉ፤ ሲመለሱ ቦታቸው ይጠብቃቸዋል።

ክፍያ አለው? የደንብ ልብስ የግድ ነው?

መጠነኛ የክረምት መዋጮ አለ፤ መጠኑን በየዓመቱ የሚወስነው የወላጆች ስብሰባ ነው። መክፈል የማይችል አይከፍልም። ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልጆቹ አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።

የደንብ ልብስ የግድ አይደለም። አንገት ላይ የሚታሰረውን ስካርፍ ብቻ ሁሉም ያደርጋል፤ እሱንም አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን በጨርቁ ዋጋ ብቻ ይሰፋልናል። ክረምት ክረምት ሊስትሮ እየሠራ ደብተሩን የሚገዛ ልጅ አለን። ቅዳሜ ጠዋት ከኛ ጋር ይሆንና ከሰዓት ሣጥኑን ይዞ ወደ ፒያሳ ይወጣል። ስካርፉን ሣጥኑ ውስጥ በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው፣ ቀለም እንዳይነካው።

ገንዘብ ከየት ነው የምታገኙት?

ከመዋጮው ሌላ በሦስት መንገድ።

አንደኛው የቡና ቅዳሜ ነው። በወር አንድ ጊዜ እናቶች ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ እጣን አጭሰው ቡና ያፈላሉ። ቆሎና ዳቦ አለ። ዋጋ የለውም፤ ሰው የመሰለውን ሣጥን ውስጥ ይጥላል። ልጆቹ ሲኒ ያመላልሳሉ፣ የሠሩትን ያሳያሉ። ከልምድ እንዳየሁት አቦሉ ላይ ሰው ዝም ብሎ ይጠጣል፣ ቶናው ላይ መጠየቅ ይጀምራል፣ በረካው ላይ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ስለዚህ ቡናው አይጣደፍም። እንግዳ በረካ ሳይጠጣ ከሄደ የኛ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ቆራሌ ነው። እያንዳንዱ ፓትሮል ከየቤቱ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ካርቶንና ብረታ ብረት ያጠራቅማል፤ ሞላ ሲል በኪሎ እንሸጣለን። ገቢው ትልቅ አይደለም። ግን ልጆቹ ራሳቸው ያመጡት ገንዘብ ስለሆነ አወጣጡን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንድ ጊዜ ኳስ ይገዛሉ ብለን ስንጠብቅ ሦስት ላስቲክ የዝናብ ልብስ ገዙ፤ ለእነማን እንደሆነ አልነገሩንም። በሚቀጥለው ዝናብ አየነው።

ሦስተኛው በነሐሴ መጨረሻ የምናዘጋጀው የዩኒፎርምና የመጽሐፍ ገበያ ነው። የጠበበ ዩኒፎርም፣ ያለቀ ክፍል መጽሐፍ፣ ደህና ቦርሳ ትሰጡናላችሁ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ ተሟልቶ በርካሽ ይሸጣል። መግዛት ለማይችል ወላጅ ከጠረጴዛው ኋላ ዝም ብሎ የሚሰጥበት መንገድ አለን።

ለምን ቶምቦላ አታወጡም? ልጆቹስ ሆያ ሆዬ ጨፍረው ለቡድኑ ገንዘብ ቢያመጡ?

ቶምቦላ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ልጆችን ዕጣ ማሻሻጥ አንፈልግም።

ሆያ ሆዬ ደግሞ የልጆቹ የራሳቸው ነው። ቡሄ ሲደርስ ከሰፈር ጓደኞቻቸው ጋር ይጨፍሩ፣ ያገኙትን ይከፋፈሉ። የዓመት በዓል ደስታቸውን ወደ መዋጮ መሰብሰቢያ አንቀይረውም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር አስምሩልኝ። ልጆቻችን መናኸሪያም ሆነ ሰኞ ገበያ ወይም ቤት ለቤት ገንዘብ ሊጠይቁ አይላኩም። የቡድኑን ስም ጠርቶ ሣጥን የያዘ ልጅ መንገድ ላይ ካገኛችሁ እኛ አልላክነውም። ብር አትስጡት፤ ይልቅ ደውሉልን።

ብሩ የት ይገባል? ማን ያየዋል?

በቡድኑ ስም የባንክ ሒሳብ አለ፤ ሁለት ሰው ካልፈረመ አይወጣም። ከፈራሚዎቹ አንዱ ሁልጊዜ ወላጅ ነው። በግል ሰው ቴሌብር ወይም የግል ሒሳብ አንቀበልም፤ የሰጠን ሁሉ ደረሰኝ ይቀበላል። የቡና ቅዳሜው ሣጥን የሚከፈተው እዚያው፣ ሰው እያየ ነው። ከፓትሮል መሪዎቹ አንዱ ይቆጥራል፣ አንድ ወላጅ ደግሞ ይቆጥራል፣ ሁለቱ ቁጥር ሲገጥም ይጻፋል።

በየወሩ መጨረሻ ገቢና ወጪው በእጅ ተጽፎ በመሰብሰቢያችን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። «ሚስማር»፣ «ፋሻ»፣ «የመኪና»፣ «ሽሮ» እያለ ይዘረዝራል። ለመሪዎች ደመወዝም አበልም የለም። ይህን ያህል የጠነከርነው ያለምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ለሌላ ጉዳይ ያዋጣሁት ገንዘብ የት እንደገባ የሚነግረኝ አጥቼ ቀርቻለሁ። ያ ሰው ሰርቆ ላይሆን ይችላል። ግን ከዚያ በኋላ ሲጠሩኝ አልሄድኩም።

በአሁኑ ሰዓት በጣም የሚያስፈልጋችሁ ምንድን ነው?

ሰው።

አንድ ዓመት ለሐይቅ ጉዞ ገንዘቡ ሞልቶ ነበር። መኪናው ተከራይቷል፣ በሶው ተበጥብጧል፣ ልጆቹ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈዋል። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ልጆቹ 32 ናቸው። በኛ ሕግ ለ8 ልጅ ቢያንስ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል፤ አራት ማለት ነው። ሁለት ብቻ ተገኘን። አንዱ ታመመ፣ አንዷ ሥራ ተጠራች። እስከ 2 ሰዓት ጠበቅን፣ ጎረቤት ለመንን። ከዚያ ልጆቹን ወደ ቤት መለስናቸው። አንዱ ትንሽ ልጅ ምሳውን እዚያው በር ላይ ቁጭ ብሎ በላው፤ «ለጉዞ የተቋጠረ ነው፣ ቤት አይገባም» ብሎ። በዚያ ዓመት ሐይቅን ሳያዩ ትምህርት ተከፈተ።

ገንዘብ ሲጠፋ መላ አይጠፋም። ዕድሩ ያውሳል፣ ባለሱቁ በዱቤ ይሰጣል። የአዋቂ ዓይን ግን በዱቤ አይገኝም። ስለዚህ «እኔ ምንም የለኝም» አትበሉን። ጡረታ የወጡ ነርስ ቢሆኑ ልጆቹን ቁስል ማሰር ያስተምራሉ። አናጺ ከሆኑ መዶሻ አያያዝ ያሳያሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆንክ ወይም ከሆንሽ ማክሰኞ ከሰዓት ሒሳብ የሚያስጠና እንፈልጋለን። ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉንና አንቺሆዬውን ለይታችሁ የምታውቁ ደግሞ ኑና ልጆቹን አሰሟቸው፤ ባቲና አምባሰል ስማቸው የተያያዘው ከኛው አገር ነው፣ ልጆቹ ግን ከስልክ ላይ ነው የሚሰሟቸው። ምንም ሙያ የለኝም የሚል ሰው ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ፊሽካ ይዞ ይሄዳል። ከሁሉ የምንቸገረው በዚህኛው ነው።

በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ምን ይጠየቃል?

ዕድሜዎ 18 የሞላ መሆን አለበት። መታወቂያና ለረጅም ጊዜ የሚያውቁዎት ሁለት ሰዎች ምስክርነት እንጠይቃለን፤ ሰዎቹንም ሄደን እናነጋግራለን። በመጀመሪያው ወር ከነባር መሪ ጋር ብቻ ይሠራሉ።

ከዚያ በኋላም ማንም አዋቂ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይሆንም። ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ፣ ሁልጊዜ ሰው በሚያይበት ቦታ። ከልጆች ጋር በግል ስልክ መጻጻፍ የለም፤ መልእክት በወላጅ በኩል ይሄዳል። ልጅ መምታት ፈጽሞ አይፈቀድም። «አታምኑኝም ማለት ነው?» ብለው ቅር የተሰኙ ደግ ሰዎች ገጥመውናል። ይገባናል። ሕጉ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ነው ለማንም ስድብ የማይሆነው።

ከቀበሌው የክረምት በጎ ፈቃድ ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ ግን በችግኝና በአረጋውያን ቤት ሥራ ላይ አብረን የምንወጣባቸው ቀናት አሉ። ደም ልገሳውን ለትልልቆቹ እንተዋለን፤ ለመለገስ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጄ መምጣት ይችላል?

ይችላል፤ የሚመላለሱ ልጆች አሉን። አብሽሩ፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ሐረጎ ላይ ጠዋት ጉም አይጠፋም። ስለዚህ የኮምቦልቻ ልጅ ቢያረፍድ አንቆጣም፤ ሹፌሩን «ፍጠን» እንዳትሉት ብቻ። ልጆቹ ከአዋቂ ጋር ነው የሚመጡት፤ ወላጆች ተራ ገብተው ያመጧቸዋል።

ልብስ አስቡበት። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አራት ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። እናንተ ጋ በቲሸርት የወጣ ልጅ እዚህ ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሹራብና ላስቲክ ይያዝ፣ አንድ ደረቅ ካልሲም በፌስታል።

ፎቶ ታነሳላችሁ?

የፈረማችሁ ከሆነ ብቻ። የረዳናቸውን አረጋውያን ግን ፈርመውም ቢሆን አናነሳም።

ነፃ የምሆነው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። ልምጣ?

ይምጡ። ከሳምንት በፊት መታወቂያዎን ይዘው ብቅ ይበሉ፤ ለአንድ ቀን የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ከነባር መሪ ጎን ነው የሚቆመው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኛለን። ቦት ጫማ ያድርጉ፣ ላስቲክ ይያዙ። ፊሽካውን እኛ እንሰጥዎታለን።